በሩቅ የቆመው ሰው

ጌታችን በምሳሌ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ፈሪሳዊና አንድ ቀራጭ፣ ሊጸልዩ ወደ ቤተ መቅደስ እንደ ወጡ፣ ጸድቆ የተመለሰው ግን በሩቅ የቆመው ቀራጭ እንደ ሆነ ተናግሯል። ሆኖም ፈሪሳዊው ቆሞ የተናገረውን ወንጌሉ ውሸት ነው አይልም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጾማል፤ ከሚያገኘው ሁሉ አሥራት ያወጣል፤ ቀማኛ አይደለም፣ አመንዝራም አይደለም። ይህን ሁሉ በራሴ ጉልበት አመጣሁት እንኳ አላለም፤ ጸሎቱን የጀመረው «እግዚአብሔር ሆይ፣ አመሰግንሃለሁ» ብሎ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የተጻፈውን ይህን ምሳሌ ባነበብሁ ቍጥር የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ሰውየው አስመሳይ ቢሆን ኖሮ፣ ጾሜአለሁ እያለ በስውር የሚበላ ቢሆን ኖሮ፣ ነገሩ እኔን አይመለከተኝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ጌታችን ግን ለምሳሌው የመረጠው ጾሙ እውነተኛ የሆነውን፣ አሥራቱ ያልጎደለውን፣ ከቤተ መቅደስ የማይጠፋውን ሰው ነው። ለልጆቻችን «እንደ እርሱ ሁኑ» ብለን የምናሳየውን ዓይነት ሰው።

ለእኛ ያለው ቅርበት ደግሞ ከዚህም ያልፋል። በዚያ ዘመን በሃይማኖታቸው የሚተጉ አይሁድ የሚጾሙባቸው ሁለት ቀኖች ሰኞና ሐሙስ ነበሩ። «የዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ትምህርት» በመባል የሚታወቀው ጥንታዊ የክርስቲያኖች ጽሑፍ ምእመናን ከእነዚያ ጋር በአንድ ቀን እንዳይጾሙ፣ በምትኩ ረቡዕንና ዓርብን እንዲይዙ ያዝዛል። እኛም እስከ ዛሬ ይዘናቸዋል። ቀኖቹ ተለወጡ እንጂ ቍጥሩ ያው ሁለት ነው። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብን ጠብቆ የሚኖር ማንኛውም የተዋሕዶ ልጅ «በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ እጾማለሁ» የሚለውን የፈሪሳዊውን ቃል አንዲት ፊደል ሳይለውጥ ሊናገረው ይችላል፤ እውነቱንም ነው።

ግሪኮችና የእነርሱን ሥርዓት የሚከተሉ ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ይህን አደጋ አስተውለውታል። ከዐቢይ ጾም አስቀድሞ «የፈሪሳዊውና የቀራጩ እሑድ» የሚሉት ቀን አላቸው፤ ከዚያ እሑድ በኋላ ባለው ሳምንት ረቡዕና ዓርብን እንኳ አይጾሙም። ሰው ወደ ታላቁ ጾም ከመግባቱ በፊት በጾም እንዳይመካ አንድ ሳምንት ከጾም ያሳርፉታል። ይህን ባወቅሁ ጊዜ በመጀመሪያ ቀናሁ፤ የእኛ አባቶች ለዚህ ሕመም ምን መድኃኒት አዘጋጁ ብዬም ጠየቅሁ። መልሱ ከዐቢይ ጾም መግቢያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ በየዓመቱ የምንጾመው ጾም ውስጥ ነበር።

ጾመ ነነዌ ሦስት ቀን ነው፤ ከሰኞ እስከ ረቡዕ። ስለ እርሱ ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው የነነዌ ሰዎች ማቅ እንደ ለበሱ፣ ንጉሡ ከዙፋኑ እንደ ወረደ፣ እንስሳት ሳይቀሩ እንደ ጾሙ ነው። ይህ ትክክል ነው፤ ግን የመጽሐፉ ግማሽ ብቻ ነው። የትንቢተ ዮናስ ምዕራፍ 4 የሚናገረው ስለ ነነዌ ኃጢአት አይደለም፤ ስለ ነቢዩ ቍጣ ነው። ዮናስ የሰበከላቸው ሰዎች ንስሐ ገቡ፤ እርሱ ግን አዘነ፣ ተቈጣ። ከከተማይቱ ወጥቶ በስተ ምሥራቅ ዳስ ሠራና የሚሆነውን ለማየት ተቀመጠ። ከእርሱ በቀር ሁሉም ሰው በዚያች ቀን ወደ እግዚአብሔር ቀርቧል፤ በውጭ የቀረው ነቢዩ ብቻ ነው። እግዚአብሔርም በቅል አስጠለለው፣ ቅሉን በትል አደረቀበት፣ በመጨረሻም ጠየቀው፤ ቀኛቸውንና ግራቸውን የማይለዩ ከ120 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ላሉባት ከተማ አላዝንምን? ብሎ። መጽሐፉ የዮናስን መልስ አይነግረንም፤ በጥያቄው ላይ ያበቃል።

ዮናስን አቅልዬ ማየት አልፈልግም። ነነዌ የአሦር ታላቅ ከተማ ነበረች፤ አሦር ደግሞ የወገኖቹ አስጨናቂ ነው። ክፋታቸው እውነት ነበር። ነቢዩ የሳተው ስለ ክፋታቸው ሳይሆን ስለ ሰዓቱ ነው። የሚያውቀው የትናንቱን ነነዌ ነው፤ ዛሬ ማቅ ለብሶ የተቀመጠውን ሕዝብ በዓይኑ እያየ በልቡ ግን የትናንቱን ፍርድ ይዞ ይጠብቅ ነበር።

ፈሪሳዊውም እንዲሁ ነው። ቀራጩን በስም ማጥፋት ሊከሰስ አይችልም። ቀራጭ ማለት በዚያ አገር ለሮም ገዢዎች ግብር እየሰበሰበ ከተተመነው በላይ የሚወስድ ሰው ነበር፤ መጥምቁ ዮሐንስ ሊጠመቁ ለመጡት ቀራጮች «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ» ያላቸው ያለ ነገር አይደለም። በእርሱ እጅ የተዘረፈች መበለት ነበረች እንበል፤ እንባዋ ቀላል አይደለም። ትሕትና ያን ዝርፊያ ዝርፊያ አይደለም ብሎ መሸፈን አይደለም። ነገር ግን በዚያች ሰዓት፣ በዚያው ቅጥር ውስጥ፣ ያ ዘራፊ ዓይኑን ወደ ሰማይ ማንሣት እንኳ ፈርቶ ደረቱን ይደቃ ነበር። ፈሪሳዊው «እንደዚህ ቀራጭ» ብሎ እስኪጠቍመው ድረስ አይቶታል፤ የሚያደርገውን ግን አላየም። ሰውየው ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ስላወቀ ዳግመኛ መመልከት አላስፈለገውም። መንፈሳዊ ትዕቢት ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ሰውን አውቄ ጨርሻለሁ ማለት። እግዚአብሔር ከዚያ ሰው ጋር ገና ሥራውን ሳይጨርስ እኔ መዝገቡን ዘጋሁት ማለት።

ይህ ሕመም ከጾም ጋር፣ ከጸሎት ጋር፣ ከአገልግሎት ጋር አብሮ ያድጋል። ሌሎች ኃጢአቶች ሰው ሲጸልይ ይቀንሳሉ፤ ይህ ግን ጸሎቱን ራሱን ምግብ ያደርገዋል። ሌሊት ለኪዳን ጸሎት የተነሣ ሰው የተኛውን የመናቅ ፈተና አለበት፤ የተኛው ግን ይህ ፈተና የለበትም። የበረሃ አባቶች ውዳሴ ከንቱንና ትዕቢትን ከክፉ አሳቦች ዝርዝር መጨረሻ ላይ ያስቀመጡት ቀላል ስለ ሆኑ አይደለም፤ ሌላውን ድል የነሣ ሰው የሚያገኛቸው ስለ ሆኑ ነው።

በአዲስ አበባ ዐቢይ ጾም ሲገባ ከተማው መልኩን ይለውጣል። ልኳንዳ ቤቶች ይዘጋሉ፤ በያይነቱ ከየምግብ ቤቱ ይወጣል፤ ቅዳሴው ወደ ከሰዓት በኋላ ይገፋል። 55 ቀን ማለት ረጅም ነው። ሁሉም በአንድነት በሚጾምበት በገጠር ጾም የሚያስመካ ነገር አይደለም፤ ጎረቤትህም ይጾማል፣ እረኛውም ይጾማል፣ ማን በማን ላይ ይመካል? የሚጾመውና የማይጾመው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በሚቀመጡበት በከተማ ግን ጾም ምልክት ይሆናል። በመሥሪያ ቤት ምሳ ሰዓት ላይ «አንተ ትበላለህ እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ስንት ጊዜ ይሰማል! ጥያቄው ለመረጃ አይደለም። የተጠየቀው ሰው የስኳር ሕመምተኛ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒት የጀመረ ሊሆን ይችላል፤ የንስሐ አባቱ የፈቀዱለት ሊሆን ይችላል፤ ደግሞም በቀላሉ ያልጾመ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዱንም በሥራ ባልደረቦቹ ፊት እንዲያስረዳ የሚያስገድደው ሕግ የለም።

ከዚያ ደግሞ የዓሣው ክርክር አለ። በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበላል፣ አይበላም? ጾሙ እስከ ስንት ሰዓት ነው? ዘይቱ፣ ቡናው፣ ውኃው? እነዚህ ጥያቄዎች ሥርዓት ያላቸው፣ በሊቃውንት ዘንድ መልስ የሚሰጥባቸው ናቸው፤ መጠየቃቸውም ተገቢ ነው። የሚያሳዝነኝ የክርክሩ ድምፅ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 «እነሆ፣ ለጥልና ለክርክር ትጾማላችሁ» ብሎ የወቀሰው ጾምን ስለ ጠላ አልነበረም። እንጀራን ለተራበ መቍረስንና የታረዘን ማልበስን የጾም አካል አድርጎ ሊመልስልን ነው። በጾሙ ወራት ከምግብ የተረፈን ገንዘብ ለማን እንደ ደረሰ የሚከራከር ሰው ግን አላጋጠመኝም፤ ቢያጋጥመኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚቆረቍረኝ ጉዳይ ልምጣ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ቅጥሩ ራሱ ብዙ ይናገራል። ውስጥ የሚያስቀድሱ አሉ፤ በዐውደ ምሕረቱ የሚቆሙ አሉ፤ ከቅጥሩ ውጭ፣ በር ላይ ተሳልመው ጥቂት ቆመው የሚሄዱ አሉ። በሩቅ የቆመው ቀራጭ ዘመዶቹ እዚያ ናቸው። ከውጭ የቆመችው ሴት ለምን እንደ ቆመች ማንም አያውቅም። በወር አበባዋ ላይ ትሆናለች፤ አራስ ልጅ ይዛ ይሆናል፤ ከሥራ በመሐል ሮጣ መጥታ ይሆናል፤ ወይም ልትተወው ያቃታት ኑሮ አለ፣ «እኔ ወደ ውስጥ መግባት አይገባኝም» ብላም ከበሩ ጋር ተለጥፋ ታለቅሳለች። ወደ ውስጥ ስናልፍ በነጭ ነጠላችን አጠገቧ እናልፋለን። የትኛዋ እንደ ሆነች አለማወቃችን ጉድለት አይደለም፤ ይህ አለማወቅ ራሱ ጸጋ ነው፤ እንድናከብራት የተሰጠን።

የሚያመኝ ግን ወደ ውስጥ ለመግባት ደፍራ የመጣችው ናት። ሱሪ ለብሳ፣ ነጠላ ሳትይዝ፣ ምናልባት ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣች ወጣት። በሩ ላይ አንድ ሰው በጎላ ድምፅ ይመልሳታል፤ ሰዎች ዞር ብለው ያያሉ፤ እርሷም ታፍራ ትሄዳለች። ሥርዓቱ ልክ ነው፤ በቤተ እግዚአብሔር ተገቢውን ልብስ መልበስ ለአምላክ ክብር ነው፤ ለዚህ አልከራከርም። ግን ያን ዕለት ምን አምጥቷት ነበር? እናቷ ሞታ ይሆን? ፈተና ወድቃ ይሆን? ለንስሐ አባት ፍለጋ ይሆን? ይህን የሚያውቅ የለም፤ የጠየቀም የለም። በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በአውሮፓ ከተሞች ያሉ ወገኖቼ የሚነግሩኝ ከዚህ የባሰ ነው። እዚያ ተወልደው ያደጉ ልጆች አማርኛው በቅጡ አይገባቸውም፣ ግእዙ ጭራሽ እንግዳ ነው፤ መቼ እንደሚሰገድ፣ ነጠላ በየትኛው ወገን እንደሚጣፋ ማንም አላሳያቸውም። ከዚያ አንድ ቀን በራሳቸው ፈቃድ ይመጣሉ፤ መጀመሪያ የሚቀበላቸው ግን ቍጣ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ እንዲመጣ ለማድረግ ስንት ስብከት ያስፈልጋል?

በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህታችንን ደግሞ አስቡ። የምትበላው የቤቱ እመቤት ያቀረበችውን ነው። ረቡዕና ዓርብ ለእርሷ እንደ ማንኛውም ቀን የሥራ ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያን ከከተማው አንድ ጫፍ ላይ ቢኖር እንኳ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ ብዙ ጊዜም አይሰጣትም። ሌሊት ሁሉም ከተኛ በኋላ በማእድ ቤት ቆማ ውዳሴ ማርያምን በስልኳ ትሰማለች። ፋሲካ መቼ እንደሚውል ደውላ እናቷን ትጠይቃለች። በሙሉ ጾም ውስጥ፣ በደብሩ ጥላ ሥር፣ የንስሐ አባት በአጠገባችን ያለን እኛ ከእርሷ ጋር ብንመዘን ማን ይከብዳል? መልሱን አላውቅም ማለት የሚገባን እዚህ ላይ ነው። ሚዛኑ በእጃችን የለም።

ስለ ሚዛን ካነሣሁ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ማለፍ አልችልም። በየካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ቀን፣ ደጋግመን ሰምተነዋል፤ በአንዳንድ ዓመት በዓሉ በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። በተአምረ ማርያም እንደ ተጻፈው፣ የቅምር ሰው የነበረው ይህ ሰው 78 ነፍስ በላ። ከዚያ በመንገድ ላይ በለምጽ የተመታ፣ በጥም የተቃጠለ ድሃ አገኘ፤ ድሃውም በእመቤታችን ስም ለመነው። ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በፍርድ ቀን ያች ጥርኝ ውኃ ከነፍሳቱ ጋር ተመዘነች፤ ሚዛን ደፋች፣ እርሱም ዳነ። ይህን ታሪክ የሚነቅፉ አሉ፤ ኃጢአትን ያቀልላል ይላሉ። እኔ እንደማስበው ታሪኩ የተነገረው ለሰው በላዎች አይደለም፤ ሰው በላ ወደ ማኅሌት አይመጣም። የተነገረው ነጭ ለብሰን ለምንቆመው ለእኛ ነው። ያን ሰው በመንገድ ላይ ያየ ማንኛውም ደግ ክርስቲያን ጕዳዩ አብቅቷል ብሎ በርግጠኝነት በተናገረ ነበር፤ በተሳሳተም ነበር። ታሪኩ እንድንፈራው የሚፈልገው ይህን እርግጠኝነታችንን ነው።

በግብፅ በረሃ በአስቄጥስ ገዳም የነበረው ሙሴ ጸሊም ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። መነኩሴ ከመሆኑ በፊት ሽፍታ ነበር። አንድ ወንድም በድሎ አባቶች ለፍርድ ሲሰበሰቡ ሙሴ አልሄድም አለ። ደግመው ሲልኩበት የተቀደደ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ፤ አሸዋው ከኋላው ይፈስሳል። ምንድን ነው ይህ ሲሉት፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈስሳል፣ እኔ ግን አላየውም፤ ዛሬ ደግሞ በሌላው ኃጢአት ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ያን ወንድም ይቅር አሉት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁሌ የሚገርመኝ ሙሴ ስብሰባውን አለመቃወሙ ነው። አልጮኸም፤ አባቶችን «ግብዞች» ብሎ አልዘለፈም። ቢዘልፋቸው ኖሮ እርሱም ሌላ ፈራጅ ይሆን ነበር። መጣ፣ ሸክሙን አሳያቸው፣ ያን ያህል ብቻ።

ከራሳችን አባቶች መካከል ደግሞ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ አሉ። በሐይቅ እስጢፋኖስ ተማሪ ሳሉ ትምህርት አልገባቸው ብሎ ለዓመታት እንደ ተቸገሩ፣ በዚያም እህል እየፈጩ እንዳገለገሉ ይነገራል። ያን ጊዜ በወፍጮው አጠገብ ያለፈ አንድ ጎበዝ ተማሪ ይህ ሰው «መጽሐፈ ምሥጢር»ን ይጽፋል፣ የሰዓታት ጸሎቱም ከሌሊት እስከ ሌሊት በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ይቆማል ብሎ ሊያስብ ይችል ነበርን? በእያንዳንዱ ቄስ ትምህርት ቤት፣ በእያንዳንዱ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚፈጭ አንድ ልጅ አለ። ስለዚህ መምህር ሆይ፣ ጎበዙንም ሰነፉንም እኩል ትዕግሥት አሳያቸው፤ የማንኛቸውንም መጨረሻ አላየህም።

አንድ ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ታዲያ ማንም ማንንም አይገሥጽ ማለት ነውን? አይደለም። ተግሣጽ የፍቅር ሥራ ነው፤ ልጁ ወደ ገደል ሲሄድ ዝም የሚል አባት ትሑት አይባልም። ግን ጌታ ለተግሣጽ መንገድ ሠርቶለታል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የመጀመሪያው እርምጃ «አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ» የሚል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች በበደል የተገኘን ሰው በየዋህነት መንፈስ እንዲያቀኑት፣ ራሳቸውንም እንዲጠብቁ ይጽፋል። በዚህ መለኪያ ዛሬ በማኅበራዊ መገናኛ የምናየውን ምን እንበለው? የአንድን ዘማሪ፣ የአንድን ሰባኪ፣ የአንዲትን ምእመን ስሕተት በሺህ ሰዎች ፊት ዘርግቶ «በፍቅር ልምከርህ» ማለት። ብዙዎቹ ተግሣጾች ለተገሣጩ አልደረሱም፤ የደረሱት ለተመልካቹ ነው። የተገሠጸው ሰው ቢመለስ እንኳ የሚደሰት አይታይም፤ አዲስ ስሕተት እስኪገኝ ድረስ ዝምታ ይሆናል። ይህ የዮናስ ዳስ ነው፤ ከተማይቱ እስክትጠፋ ድረስ ተቀምጦ መጠበቅ።

ይህ በአንድ ቤት ብቻ ያለ ነገር አይደለም። በአገራችን የተለያዩ ክርስቲያኖች በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቤተሰብ ጭምር እንኖራለን። እኛ ወንጌላውያኑን የማይጾም፣ የማይሰግድ፣ አባቶቹን የካደ ብለን ከላይ እናያለን። ከእነርሱም መካከል የእኛን አሮጊት እናት በር ስትሳለም አይቶ «ምስኪን፣ አልዳነችም» የሚል አለ። በትምህርት ያለን ልዩነት ታላቅ ነው፤ እኔ በእምነቴ እጸናለሁ፣ የሚለየንንም አላቃልልም። ነገር ግን «አልዳነችም» የተባለችው እናት በየምሽቱ ለመንደሩ ሁሉ፣ ለዚያ ለፈረደባትም ልጅ ጭምር፣ ስሙን እየጠራች እንደምትጸልይ እርሱ አያውቅም። «አባቶቹን የካደ» የተባለውም ጎረቤት ስንት ሌሊት በእንባ እንዳሳለፈ እኛ አናውቅም። የእምነት ጽናት ለዚህ ዓይነቱ ንቀት ፈቃድ አይሰጥም።

ከዚሁ ጋር ሌላም ወገን አለ፤ በአጭሩ ብጠቅሰው ይበቃል። ሳይጾሙ የሚጾሙትን የሚንቁ፣ «እኔ እንደ እነርሱ ግብዝ አይደለሁም፣ ልቤ ንጹሕ ነው» የሚሉ። ቆመው የሚጸልዩት በሌላ ቦታ ነው፤ ጸሎቱ ግን ያው የፈሪሳዊው ነው። ደግሞም በየደብዳቤው ራስጌ «ኃጢአተኛውና ደካማው» ብለን የምንጽፍ ሰዎች አንድ ቀን ሌላ ሰው በዚያው ቃል ቢጠራን ፊታችን ይጠቍራል። ትሕትና በራስ ላይ በተናገርነው ሳይሆን ሌላው ሲናገርብን ባሳለፍነው ይታወቃል የሚሉት አባቶች እውነት አላቸው።

ልብን በትእዛዝ ማለስለስ አይቻልም፤ ቤተ ክርስቲያን ይህን ስለምታውቅ ሥጋን ታዝዛለች። በስቅለት ዕለት ሚኒስትሩም ተሸካሚውም፣ ሊቁም ማንበብ የማይችለውም፣ በአንድ መሬት ላይ ግንባራቸውን ያስነካሉ፤ በመጨረሻም ካህኑ በወይራ ቅጠል ሁሉንም መታ መታ ያደርጋቸዋል፣ ተጨማሪ ስግደትም ያዝዛቸዋል። በጸሎተ ሐሙስ ሊቀ ጳጳሱ ወገቡን ታጥቆ በወይንና በወይራ ቅጠል የሌሎችን እግር ያጥባል፤ ጌታ በዚያች ሌሊት የይሁዳን እግር ሳይዘልል እንዳጠበ እያሰበ። ንስሐችንንም ለንስሐ አባት በስውር እንድንነግር የተደረገው ኃጢአታችን ከጎረቤት ኃጢአት ጋር እንዳይወዳደር ጭምር ይመስለኛል፤ ብቻችንን ስንቆም የምንወዳደረው ሰው የለም።

ከሁሉ ግን ልብ የምለው በቅዳሴ መካከል ያለችውን አጭር ጊዜ ነው። ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ሲያዝዝ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዞራለን። ሌላው የቅዳሴ ሰዓት ሁሉ ፊታችን ወደ ምሥራቅ ነው፤ ጎረቤታችንን እንድናይ የታዘዝነው ያን ጊዜ ነው። ስናየውም የምናደርገው አንድ ነገር ነው፤ እንሰግድለታለን። ማን እንደ ሆነ አንጠይቅም። ባለፈው ሳምንት ምን እንዳደረገ አንመረምርም። እርሱም መልሶ ይሰግዳል። ፈሪሳዊው ወደ ጎን ዞሮ ጣቱን ቀሰረ፤ እኛ ወደ ጎን ዞረን አንገታችንን እንድንሰብር ተሰጥቶናል። ብዙዎቻችን ይህን በፍጥነት፣ ሳናስበው እናልፈዋለን። ከዚህ ጾም ጀምሮ ቀስ ብለን ብናደርገው፣ የሰገድንለትን ሰው ፊት አንድ ጊዜ ብናየው፣ ብዙ ነገር ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

በየደጁ ለምታገለግሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድሞችና እህቶች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። አገልግሎታችሁ ከባድ ነው፤ በዝናብም በፀሐይም ትቆማላችሁ፣ ብዙ ሰውም አያመሰግናችሁም። በበሩ አጠገብ በአንድ ሣጥን ጥቂት የታጠቡ ነጠላዎች አስቀምጡ። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ እናቶችን ብትጠይቁ በደስታ ያመጣሉ። ሳትይዝ የመጣችውን «እንኳን ደኅና መጣሽ» በሏት፤ ነጠላውን ስጧት፤ እንዴት እንደሚለበስ ካላወቀች አንዲት እህት ታልብሳት። ለምን እንደ መጣች አትጠይቋት፤ መናገር ከፈለገች ቅዳሴው ሲያልቅ ካህን የት እንደሚገኝ አሳዩአት። ወንዶቹም ጫማቸውን የት እንደሚያወልቁ ካላወቁ እናንተው አሳዩአቸው። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ይህን ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር ብትነጋገሩበት ለዘወረደ እሑድ ይደርሳል።